ስድስቱ ጨለማ መስመሮች

እሑድ ጥቅምት 7 ቀን 1980 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ ሥርጉት በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ካለው የአጎቷ ምግብ ቤት ጀርባ፣ በመጋዘኑ ውስጥ መብራቱን አጠፋች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ያህል በዚያ ቤት ማንም እንዳይራመድ፣ ማንም ወንበር እንዳይጎትት፣ የሚቻል ከሆነም ማንም እንዳያስነጥስ ቤተሰቡን ሁሉ ለሦስት ቀን ስትለምን ሰንብታለች።

«ቤተ ክርስቲያንም እንዲህ ያለ ጸጥታ አይጠይቅም» ብለዋት ነበር አጎቷ ጋሼ ጌታሁን።

«ቤተ ክርስቲያን ሌዘር የለውም፣ ጋሼ» ብላ መልሳላቸው ነበር።

ሌዘሩን ከትምህርት ቤቷ ያመጣችው በውሰት፣ ለቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። አሁን አሸዋ በሞላበት የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ቀጭን ቀይ ጨረሩን በጨለማው ውስጥ ዘርግቷል። የወለሉ ንዝረት ወደ አሸዋው እንዳይደርስ ሳጥኑ በአራት የተነፉ የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲኮች ላይ አርፏል። በጨረሩ መድረሻ ከመጽሐፍ የማይበልጥ የመስታወት ሰሌዳ ቆሟል። ሥርጉት በኮምፒዩተር ያሰላቻቸውን ስድሳ ምስሎች፣ እያንዳንዱን ከክብሪት እንጨት በማይሰፋ መስመር፣ ተራ በተራ በዚያ ሰሌዳ ላይ ልታሰፍር ነው። ስድሳውም በትክክል ከሰፈሩ፣ ከሰሌዳው ፊት የሚቆም ሰው ራሱን ከግራ ወደ ቀኝ ባዘነበለ ቁጥር አንድ አካል በአየር ላይ ተንሳፍፎ፣ አንድ ጎኑን እየደበቀ ሌላውን እየገለጠ ይታየዋል። ፎቶግራፍ ከአንድ ወገን ብቻ ያሳያል። ይህ ሆሎግራም የሚሉት ምስል ግን ጥልቀት ስላለው እጅ እንዲጨብጠው ያሳሳል፣ እጅም ባዶውን ይመለሳል።

በዚህ ሰሌዳ ላይ የሚታየው አካል የዓለምሰገድ ቁርጭምጭሚት ነበር።

ዓለምሰገድ ዳውንታውን፣ በከተማው መሐል፣ ባለ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ የሰው መኪና ፓርክ የሚያደርግ ሠራተኛ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ ሳያይ ወደ ኋላ ሲነዳ እግሩን ከግድግዳው ጋር አጣብቆት፣ ሆስፒታል ውስጥ አጥንቱ እንደ ዳቦ ቁራሽ በስስ በስሱ ተከፍሎ የተነሣባቸውን አርባ ስድስት ፊልሞች ይዞ ወጣ። ያን ጊዜ ሥርጉት ሐኪሞች ቢላዋ ሳያነሡ ስብራቱን ዙሪያውን የሚያዩበትን ምስል ለመሥራት እንዲህ ያለ ፊልም እየፈለገች ነበር። በአጎቷ ምግብ ቤት ክራንቹን ከጠረጴዛው ጋር አስደግፎ ምሳውን ሲበላ አገኘችውና እየፈራች ጠየቀችው።

«ውሰጂው» አላት ፖስታውን እየገፋላት። «ዋናው እኔ ጋ አለ።»

አራት ወር ሙሉ የእያንዳንዱን ፊልም ጠርዝ በእጇ እየተከተለች፣ ነጥብ በነጥብ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገባች። እርሱም እሑድ በመጣ ቁጥር ‹እግሬ እንዴት ሰነበተ?› እያለ ይጠይቃት ነበር። በአጎቷ ፊት ዓይኗን ወደ ፊቱ ማንሣት የማትደፍረው ልጅ፣ የተረከዙን ጉብታ በቃሏ ታውቀዋለች። ከዚያ በኋላ እርሱ ሳጥኑን ሠራ፣ ላስቲኮቹንም አምጥቶ ነፋ። ከሎንግ ቢች ያመጣውን አሸዋ በወንፊት ሲነፉ እጃቸው ተነካካ፣ ሁለቱም ግን ያላወቁ መሰሉ።

ከሁለት ሳምንት በፊት የመሬት መንቀጥቀጡ ከሁለቱ ሰሌዳዎቿ አንዱን ከመደርደሪያ ጥሎ ሰብሮባታል። የቀረው ይህ አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም ሰኞ ጠዋት ወደ ቦስተን መላክ አለበት። እዚያ ያለ አንድ የምርምር ክፍል ‹ሥራሽን አይተን ቦታውን እንሰጥሻለን› ብሎ ጽፎላታል። ይህን ለዓለምሰገድ አልነገረችውም። ሰሌዳው ካልተሳካ መለያየትም የለም፤ ላልመጣ መለያየት ሰውን ማሳዘን ምን ይጠቅማል ብላ ዝምታዋን እንደ ደግነት ቆጥራው ነበር። እርሱም በዚህች ሰዓት ከኋላው በር ውጭ፣ በቀጭኑ መተላለፊያ ላይ በባዶ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ማንም መኪና እዚያ ሞተር እንዳያስነሣ ይጠብቅላታል።

አንድ ደቂቃ አሸዋው እስኪረጋ መጠበቅ፤ ጥቁሩን ካርቶን ከጨረሩ ፊት ማንሣት፤ እስከ ሃያ መቁጠር፤ መመለስ፤ መስመሩን ማስለፍ፤ በደብዛዛው አረንጓዴ መብራት ደብተሯ ላይ ሰዓቱን መመዝገብ። አንድ፣ ሁለት፣ ዐሥር፣ ሃያ። ሃያ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ የምግብ ቤቱ የፊት በር ደወል አቃጨለ።

እሑድ እስከ ቀትር ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ሥርጉት ጥርሷን ነከሰች።

«ሽ!» የሚለው የአጎቷ ሚስት የእትዬ ዘሪቱ ድምፅ በስሱ ግድግዳ አልፎ መጣ። «ቀስ በሉ! ልጅቱ ሥራ ላይ ናት። ጫማችሁን እዚያው አውልቁ!»

«እኔስ ለምጄዋለሁ» አሉ አንድ ሰው በሹክሹክታ። ድምፃቸውን ለየችው፤ ወሎዬው ባለሱቅ ጋሼ በሽር ናቸው። «የግርማ ካልሲ ነው የሚያሰጋኝ።»

«ካልሲዬን ተወው፤ እኛስ ቤተ ክርስቲያን በጫማ እንገባለን እንዴ?» አሉ ባለታክሲው ጋሼ ግርማ።

ሃያ ሦስተኛው፣ ሃያ አራተኛው። ወለሉ አልተንቀሳቀሰም። ሰዎቹ በእውነት እየተጠነቀቁላት ነበር፣ በልቧም አመሰገነቻቸው። ምስጋናዋ ግን የቆየው እስከ ሃያ አምስተኛው መስመር ድረስ ብቻ ነው።

«ጌታሁን፣ ለጉዳይ ነው የመጣነው» አሉ ጋሼ ግርማ ጉሮሯቸውን በቀስታ ጠርገው።

«ደግ፤ ተቀመጡ እንጂ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

«ኧረ በእናታችሁ ተቀመጡ!» አሉ እትዬ ዘሪቱ። «ስትቆሙ ወለሉ ይጮኻል!»

ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር የተቀመጠበት የመጀመሪያው ቀን ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሥርጉት ካርቶኑን አንሥታ እየቆጠረች ነበር። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።

«ልጃችሁን ሥርጉትን ለልጃችን ለዓለምሰገድ እንድትሰጡን ነው።»

አሥራ ሦስት። እጇ በአየር ላይ ደረቀ። አሥራ አራት። እስትንፋሷን ያዘች፣ ትንፋሽም ቢሆን አየሩን ያናውጣል። ስለ እርሷ እየተነጋገሩ ነው፤ እርሷ ደግሞ ከግድግዳው ወዲህ፣ በጨለማ፣ እንድትናገር ቀርቶ እንድትተነፍስ እንኳ አልተፈቀደላትም፤ ሕጉንም ያወጣችው ራሷ ናት! ዛሬን ምን አስመረጠው? ከቀናት ሁሉ ዛሬን! አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። ካርቶኑን መለሰች።

«ዓለምሰገድ?» አሉ ጋሼ ጌታሁን። «የፓርኪንጉ?»

«እኔም ታክሲ ነው ድራይቭ የማደርገው። ሥራ ነውር የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ነውር አላልኩም። ግን የዳኛ ልጅ ናት። አባቷ አደራ ብሎ የሰጠኝ ልጅ። ክፍሏን አንደኛ የምትወጣ!»

«እሱስ ቁልፍ ጠፍቶበት ያውቃል?» አሉ ጋሼ በሽር። «በቀን ሁለት መቶ መኪና ይቀበላል፤ አንድ ጭረት የለም።»

ሃያ ዘጠነኛውን መስመር ለማስፈር ካርቶኑን ባነሣችበት ቅጽበት ደወሉ እንደገና አቃጨለ። የገቡት ጋሼ አሥራት ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ከኖርዝ ሆሊውድ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው የመጡ ሽማግሌ። እስከዚያ ድረስ አራቱ ሰዎች እንደ ሐውልት ተቀምጠው ነበር። ጫማ አውልቀዋል፣ ድምፅ ዝቅ አድርገዋል፣ ሳል ውጠዋል። ጋሼ አሥራት ሲገቡ ተቀምጦ መቆየትን ግን ማንም አልነገራቸውም፣ ቢነገራቸውም አይችሉትም ነበር። አራቱ ወንበሮች በአንድ ጊዜ ተጎተቱ።

«ኖር! ኖር!»

«በእግዜር! በእግዜር፣ አትነሡ!»

«እንዴት አንነሣም!»

«ጋሼ፣ ወዲህ ከፍ ይበሉ።»

«የለም፣ እዚሁ ይበቃኛል።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ!»

በአሸዋው ላይ የቆመው መስታወት ተርገበገበ፣ ቀዩ ብርሃንም በግድግዳው ላይ እንደ ውሃ ተወዛወዘ። ሥርጉት ከንፈሯን ነክሳ ካርቶኑን መለሰች። ጮኻ ልትወጣ አንድ እርምጃ ተራመደች። ደግሞም ቆመች፤ በሩን ከከፈተች ብርሃን ገብቶ ሁሉንም ያጠፋዋል። ሠላሳኛውን አስከተለች፣ ከዚያም ሠላሳ አንደኛውን፣ እስከ ሠላሳ አራተኛው ድረስ፣ በንዴት እየተጣደፈች።

አርባ አንደኛው መስመር ላይ የአጎቷን ድምፅ በድጋሚ ሰማች፤ አሁን ለስልሷል።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጁ ከዚህ አገር፣ ከዚህ ከተማ የትም አይሄድም?»

«የት ይሄዳል? ሥራው እዚህ፣ ሰዉ እዚህ።»

«ልጅቱ ቦስተን እሄዳለሁ ትላለች። በረዶ ውስጥ፣ ብቻዋን፣ ዘመድ በሌለበት። ለአባቷ ምን ብዬ እጽፋለሁ?» ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። «ሶ፣ እንግዲህ... ካገባችው ቦስተኑ ይቀራል አይደል? ቦስተኑ ከቀረ፣ ዓለምሰገድ ልጃችን ነው።»

«ልጃችን ነው!» አሉ ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ፣ ከዚያም ወለሉ ትዝ ብሏቸው በሹክሹክታ ደገሙት።

የምትወደውን ሰው ሰጧት፤ በዚያው ትንፋሽም የምትወደውን ሥራ ወሰዱባት። በጨለማው ውስጥ ደስታና ቁጣ አንድ ላይ መጡባትና የትኛው እንደሚያስለቅሳት ማወቅ አቃታት።

ስድሳውን ስትጨርስ ሰዓቱ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሰሌዳውን በመድኃኒቱ አጠበችና እንዲደርቅ ሰቀለችው። ብርሃን እንዳይገባ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከኋላው በር ሥር የጠቀጠቀችውን ጥቁር ጨርቅ ስታነሣ ከውጭ በበሩ ሥር ተገፍቶ ከጨርቁ ጋር የተጣበቀ ፖስታ ወደቀ። ጽሕፈቱን አወቀችው።

‹ሥርጉት፣ ፊት ለፊት መናገር ስላቃተኝ ጻፍኩ። ስለ ቦስተን ጋሼ ጌታሁን ነገሩኝ። አንቺ ስላልነገርሽኝ አልተቀየምኩም። ዋሸሁ፤ ተቀይሜያለሁ። ቢሆንም ከመሄድሽ በፊት የእኔና የአንቺ ነገር የመንገድ ወሬ እንዳይሆን ፈለግሁ። ነገ ሥራሽ ካለቀ በኋላ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ካልፈለግሽ ዛሬ ማታ ደውዪልኝ፣ አስቀራቸዋለሁ። ካልደወልሽ ፈቅደሻል ብዬ እቆጥራለሁ። ዓለምሰገድ።›

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ይበልጥ አናደዳት፣ ይበልጥም አሳዘናት።

በሩን ስትከፍት ዓለምሰገድ ከሣጥኑ ላይ ዘሎ ተነሣ። ፀሐዩ ግንባሩን አቅልቶታል።

«አለቀ? ሁለት መኪና መለስኩልሽ። አንዱማ ፖሊስ እጠራለሁ ብሎኝ ነበር!»

«ሽማግሌዎችህ ደግሞ በፊት በር ገቡ።»

«ምን? ገና አምስት ሰዓት ተኩል አልሆነም! ከቀትር በኋላ ነው ያልኳቸው!»

«ጋሼ ግርማን ጠይቃቸው። ሽማግሌ በጠዋት ካልሄደ ሽማግሌ አይመስላቸው ይሆናል።» ደብዳቤውን ፊቱ ላይ ዘረጋችው። «ይህን ያገኘሁት አሁን ነው። ከጨርቅ ሥር። ዝምታዬን ፈቃድ ያደረገው ማነው?»

ደብዳቤውን አየ፣ ከዚያም እርሷን አየ። የዓይኑ ነጭ ቀላ።

«ኦኬ፣ ጥፋቴ ነው። ግን አንቺስ ቦስተንን የደበቅሽኝ በምንሽ ነው? በዝምታሽ አይደለም? የእኔን እግር አራት ወር ስታይ ከርመሽ፣ ልቤን አንድ ቀን ለመጠየቅ ጊዜ አጣሽ?»

እጅጌውን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችው፣ በሩን ዘጋችና ሌዘሩን አበራችው።

በጨለማው መካከል፣ ከሰሌዳው ወዲያ፣ አንድ ቀይ አጥንት በአየር ላይ ቆመ።

«አምላኬ» አለ ዓለምሰገድ በሹክሹክታ። እጁን ዘረጋ፣ ጣቶቹም ባዶ አየር ዘገኑ። «ይሄ እኔ ነኝ?»

«ወደ ግራ ዘንበል በል። ስብራቱ ይታይሃል። ሐኪሙ ቀድሞ ይህን ቢያይ ኖሮ ሁለት ጊዜ አይቀድህም ነበር።»

ወደ ግራ ዘነበለ፣ ስንጥቁም ከጥላው ውስጥ ብቅ አለ። ወደ መሐል ተመለሰ፤ አጥንቱ ጠፋ። ጨለማ ብቻ ቀረ። ወደ ቀኝ ሄደ፤ አጥንቱ ተመልሶ መጣ።

«ፊት ለፊት ስቆም የት ይሄዳል?»

«እዚያ ላይ» አለች ሥርጉት፣ «አራት ሰዎች ለጋሼ አሥራት ተነሡ።»

ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ አልቻለም። በአፍንጫው አመለጠው። እርሷም በንዴቷ መካከል ሳቀች፣ ስትስቅም እንባዋ ወረደ። በጨለማው እጁ ትከሻዋን አገኘ፣ እዚያም ቆየ። ይህን ያህል ቀርበው አያውቁም ነበር።

«ሥርጉት፣ ለእኔ ብለው ነው ያበላሹብሽ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አይደለም።» ደብተሯን በቀዩ ብርሃን ላይ ያዘችው። «ሃያ ዘጠነኛውን እነርሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስቱን ግን አየህ? አንድ ደቂቃ መጠበቅ ሲገባኝ፣ ተናድጄ ሃያ ሰኮንድ፣ ሠላሳ ሰኮንድ ብቻ ነው የጠበቅሁት። አሸዋው ሳይረጋ አበራሁበት። ጻፍኩት፣ እንዲያው ላመልጠው አልችልም። ነገ እንዲሁ እልከዋለሁ። ከሃያ ዘጠኝ እስከ ሠላሳ አራት ለምን እንደ ጠቆረም ሳልሸፍን እገልጽላቸዋለሁ።»

«‹ኖር›ን ለፈረንጅ ልታስረጂ?»

«ልሞክር።»

«ይቀበሉሻል» አላት። ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር፣ ከኩራቱም ሥር አንድ የወደቀ ነገር። «ዕውር ካልሆኑ በስተቀር ይቀበሉሻል።»

እንግዲህ ልትነግረው ይገባል። ከነገረችው በኋላ ፊቱ የሚሆነውን ስለ ፈራች ቃላቱን አንድ በአንድ አወጣቻቸው።

«ጋሼ እሺ ብለዋል።»

«ምን?»

«‹ዓለምሰገድ ልጃችን ነው› ብለዋል። በጆሮዬ ሰማሁ። ሁሉም ደገሙት።»

እጁ ከትከሻዋ ላይ ወረደ። በቀዩ ብርሃን ፊቱ ሲለወጥ አየችው። አራት ዓመት በዚህ ከተማ ሰዎች ቁልፍ እየወረወሩለት፣ ስሙን ሳይጠይቁ አልፈውታል። የእኔ ብሎ የሚቆጥረው አንድ ዘመድ እዚህ አልነበረውም። ‹ልጃችን› የሚለውን ቃል ከንፈሩ ያለ ድምፅ ሲደግመው አየች፣ እርሷ ግን ቀጠለች።

«‹ቦስተኑ ከቀረ› ብለው ነው።»

ዓይኑን ወደ ቀዩ አጥንት መለሰ።

«ሰምተኸኛል? ካገባሁህ አልሄድም ብለው ተዋዋሉ። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ነበርኩ፤ አንድ ሰው እንኳ በሩን አንኳኩቶ አልጠየቀኝም። እኔ አገባሃለሁ። ሰማህ? እያለቀስኩ፣ እየተናደድኩ፣ እልሃለሁ፤ አገባሃለሁ። ግን ሥራዬን ወስደው አንተን እንዲሰጡኝ አልፈቅድም። አንተም በሥራዬ ዋጋ እንድትገዛኝ አልፈቅድም።»

«ሥርጉት...»

«እኔ ብነግራቸው የልጅ ግትርነት ይሉታል፣ ትምህርት አበላሻት ይሉታል። አንተ ብትናገር ግን መልስ የላቸውም፤ የሚለምኑት ለአንተ ነው። ግባና ‹በዚህ ቃል አልቀበልም› በላቸው። ‹ትሂድ፣ እጠብቃታለሁ ወይም እከተላታለሁ› በላቸው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

ከምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ጸጥታው ማብቃቱን የተረዱት ጋሼ ግርማ በሙሉ ድምፃቸው ሲጣሩ ተሰማ። «ኧረ ልጃችንን ጥሩልን! ከሌላ በር ነው እንዴ የሚገባው?» ወንበሮች ተጎተቱ፣ ሳቅ ሆነ፤ እትዬ ዘሪቱ ብርጭቆ ሲደረድሩ ተሰማ።

ዓለምሰገድ ፊቱን ወደዚያ ድምፅ አዞረ። ወደ ምግብ ቤቱ የሚያስገባውን በር እጀታ ያዘ። የሸሚዙን ኮሌታ በሌላው እጁ አስተካከለ።

«ዓለም» አለችው ከኋላው፣ ድምፅዋ በማያውቀው ሰው ፊት የሚለምን ሰው ድምፅ ሆኖባት። «በላቸው። እባክህ፣ እንደምትላቸው አሁን ንገረኝ።»

‹ልጃችን› የሚለውን ቃል በከንፈሩ እንደ ያዘ፣ እጀታውንም ሳይለቅ ቆመ፤ ወደ እርሷም አልዞረም።